የአማተር ራዲዮ ሙያ ተምረን አንተወው



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ መጓጓዣ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ወንድሞችና እኅቶች አሳባቸውን ሲገልጹ በደስታ አነባለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከነዚህ ሁሉ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለአገር የሚጠቅም ነገር ሁሉ በትልቅ ስም የሚጠራ አይደለምና ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ አማተር ራዲዮ የሚባለው የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው።

አንዳንድ አንባብያን ስሙን ሲሰሙ ዜናና ዘፈን የሚያሰማ ጣቢያ ይመስላቸው ይሆናል። አይደለም። አማተር ራዲዮ ማለት አንድ ሰው ሙያውን ተምሮ፣ ከአገሩ መንግሥት ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ ደመወዝ ሳያገኝበትና ሳይነግድበት፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ወዳጅነት ሲል ብቻ በራዲዮ ሞገድ ከሌሎች አማተሮች ጋር የሚነጋገርበት ሥራ ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ መነሻ ፊደላት አሉት፤ የኢትዮጵያ «ኢ ቲ» ነው። በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚገኘው የክበብ ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ተብሎ በዓለም አማተሮች ዘንድ ይታወቃል።

እኔ ራዲዮ የወደድሁት ልጅ ሳለሁ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። የሳይንስ መምህራችን ከክፍል በኋላ ያለው ሰዓት በከንቱ እንዲያልፍ አይፈቅዱም ነበር። በሽቦ ጥቅልልና በጆሮ ማዳመጫ፣ ባትሪ የማይፈልግ ትንሽ የክሪስታል ራዲዮ አሠርተውናል። በ2006 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ደግሞ አንድ ጓደኛዬ ወደ አምስት ኪሎው ክበብ ወሰደኝ፤ በዚያም ማዳመጥንና መጥራትን ተማርሁ። ከዚያ በኋላ በመምህርነት ወደ ክፍለ ሀገር ተመደብሁ። በተመደብሁበት ከተማ መሣሪያው ቀርቶ ስለ ነገሩ የሚጫወት ሰው እንኳ አልነበረም። እንዲህ ሆኖ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። ባለፈው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ስመጣ አንድ አሮጌ መቀበያ ገዝቼ፣ በጣራዬ ላይ ሽቦ ዘርግቼ፣ ማታ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር አርሜ ስጨርስ ወደ ማዳመጡ ተመለስሁ።

ከዚህ መመለስ ያገኘሁትን ትምህርት ለብቻዬ ይዤ መቅረት አልፈለግሁም። በየመሥሪያ ቤቱ እንደኔ ቀድሞ ይህን ሙያ ቀምሰው የተዉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁና።

የመጀመሪያው ትምህርት፣ ጆሮ የተማረውን ቶሎ አይረሳም የሚል ነው። የሞርስን ፊደል በጀመርሁበት ማታ ከዝናብ ድምፅ ለይቼ መስማት አልቻልሁም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዳንድ ፊደላት ተለዩ፤ በሁለተኛው ወር የጥሪ ምልክቶችን በወረቀት ላይ መጻፍ ቻልሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ (የዓለምን ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር አደርገዋለሁ) በ2003 በጄኔቫ የተደረገው የዓለም የራዲዮ ጉባኤ፣ ሞርስን የማያውቅ ሰው በአጭር ሞገድ የአማተር ፈቃድ አያገኝም ይል የነበረውን ዓለም አቀፍ ግዴታ አንሥቶታል። ስለዚህ የሞርስን ፊደል ፈርቶ የቀረ ሰው ቢኖር ፍርሃቱ ዛሬ ምክንያት አይሆንም። ሞርስ ግን አልሞተም፤ ግዴታው ቀርቶ ፍቅሩ ስለ ቀረ በየማታው ይሰማል።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ሙያው እኛ በተውንበት ቦታ ቆሞ አልጠበቀንም የሚል ነው። በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆኑት አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጆሴፍ ቴይለር ከወጣትነታቸው ጀምሮ የራዲዮ አማተር ናቸው። እሳቸውና ባልደረባቸው ስቲቭ ፍራንክ በ2017 «ኤፍ ቲ 8» የተባለ የመላላኪያ ዘዴ አወጡ። በዚህ ዘዴ ኮምፒዩተር በ15 ሰከንድ ተራ አጭር መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፤ ጆሮ ፈጽሞ ሊለየው የማይችለውን፣ ከሹክሹክታ ያነሰ ድምፅ ከጫጫታው ውስጥ ለቅሞ ያወጣዋል። ደካማ መሣሪያና አጭር ሽቦ ያለው የከተማ ሰው በዚህ ዘዴ ሩቅ አገር ይደርሳል። ፕሮፌሰሩ ሽልማታቸውን ያገኙት ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣን ደካማ የራዲዮ ምልክት በማጥናት ነው። አንድ ልጅ በቤቱ ጣራ ላይ የሚዘረጋው ሽቦ እስከ የት ሊያደርሰው እንደሚችል ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

እንዲሁም በ2018 በኖቬምበር ወር የተመጠቀው «ኤስሃይል 2» የተባለው የኳታር ሳተላይት ከቴሌቪዥን ሥራው ሌላ ለአማተሮች ብቻ የተሰጠ የመገናኛ ክፍል ይዟል። የሚገኘው ከምድር ወገብ በላይ በ26 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ለሚያየው ከአናቱ ወደ ምዕራብ ጥቂት ዘንበል ብሎ፣ ሌትና ቀን ከቦታው ሳይነቃነቅ ይኖራል ማለት ነው። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮች በዚሁ ይነጋገራሉ። በኤውሮፓ ሰሜን ያሉ ሰዎች ሳህናቸውን ወደ አድማስ ዝቅ አድርገው የሚፈልጉትን ሳተላይት እኛ በአናታችን ላይ ይዘን መቀመጣችን ያስቆጨኛል።

ሦስተኛው ትምህርት የፀሐይ ነው። በፀሐይ ፊት ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች በ11 ዓመት ያህል ጊዜ ይበዛሉ፣ ያንሳሉ። ሲበዙ ከምድር በላይ ያለው አዮኖስፌር የተባለው የአየር ክፍል ይጠነክርና አጭር ሞገድን እንደ መስታወት መልሶ ወደ ሩቅ አገር ይወረውረዋል። እኔ በተማሪነቴ ጊዜ የነበረው ዙር በ2014 ከፍታው ላይ ነበር፤ በክፍለ ሀገር ሳለሁ፣ በ2019 መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉ ዝቅ አለ፤ ቀጥሎ የመጣው ዙር ደግሞ በ2024 ከፍታው ላይ ደረሰ። ስለዚህ በነዚህ ዓመታት ወደ ሙያው የሚመለስ ሰው መልካም ጊዜ ይጠብቀዋል። ከፍ ያለው የ28 ሜጋኸርዝ ሞገድ በቀን ተከፍቶ ጥቂት ዋት ያለው ድምፅ ውቅያኖስ ሲሻገር ይሰማል። ዙሩ እየወረደ ሲሄድ ይህ በር ይጠባል፤ ደግሞ እስኪከፈት ዓመታት መጠበቅ ይሆናል።

በዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ልዩ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚባለው መሥመር በአገራችን ላይ ያልፋል። በአራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብሰርቫቶሪ በ1957 እና በ1958 ከተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ሲቋቋም ከተፈላጊነቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚህ መሥመር አካባቢ አዮኖስፌር ይታወካል፤ በራዲዮ የሚሰማውም ድምፅ እንደ ውኃ ላይ ጥላ ይንቀጠቀጣል። ይህን በጆሮው የሰማ ተማሪ ስለ ሞገድ የሚናገረውን የፊዚክስ ምዕራፍ በቃሉ ለመሸምደድ አይጨነቅም። ስለ ምን እንደሚናገር ያውቀዋልና።

አሁን የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «መምህር፣ በኪስዎ ስልክ እያለ ሽቦ መዘርጋት ለምን ያስፈልጋል?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ሁለት ነው።

አንደኛው፣ በስልክ የሚነጋገር ሰው ስለ ስልኩ ምንም ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል፤ አማተር ግን መሣሪያውን ሳያውቅ አንድ ቃል አይወጣለትም። አጭር ሞገድ ራሱ የታወቀው በነዚህ ትርፍ ጊዜኞች ድካም ነው። በ1912 አሜሪካ የራዲዮ ሕግ ስታወጣ ከ200 ሜትር በታች ያለው ሞገድ ለሩቅ መገናኛ አይረባም ተብሎ ለአማተሮች ተተወ። እነሱም የተጣለውን አንሥተው ሞከሩት። በኖቬምበር 1923 ፈረንሳዊው ሌዎን ዴሎይና አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔል መቶ ሜትር ገደማ በሆነ ሞገድ አትላንቲክን ተሻግረው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ መንግሥታትና ኩባንያዎች ሁሉ ወደ አጭር ሞገድ መጡ። አይረባም የተባለውን ያስረቡት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ነበሩ።

ሁለተኛው መልሴ የአደጋ ቀን ነው። በህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት የአንዳማንና የኒኮባር ደሴቶች የህንድ ግዛት ናቸው። ለብዙ ዓመታት ከዚያ ሆኖ በአማተር ራዲዮ መነጋገር አልተፈቀደም ነበር። ብዙ ከተለመነ በኋላ በ2004 መጨረሻ ላይ የህንድ መንግሥት ፈቃድ ሰጠ፤ ወይዘሮ ባራቲ ፕራሳድ የሚመሩት የአማተሮች ቡድን ያን ጊዜ ፖርት ብሌር ትባል ወደ ነበረችው ዋና ከተማ ሄዶ ጣቢያውን ተከለ። የሄዱት ለጨዋታ ነበር፤ ከዓለም አማተሮች ጋር ለመነጋገርና ምልክታቸውን ለማሰማት ነበር። በዲሴምበር 26 ቀን የምድር መናወጡና ታላቁ የባሕር ማዕበል መጣ። ስልኩ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ያ የጨዋታ ጣቢያ የደሴቶቹ ሰዎች ወሬ ወደ ዋናው ምድር የሚሻገርበት መንገድ ሆነ፤ ማን በሕይወት እንዳለ፣ የት ምን እንደሚያስፈልግ የሚነገርበት ሆነ። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ያን ፈቃድ የፈረመው ሹም ማዕበል ይመጣል ብሎ አልፈረመም። ተራ የሚመስል ማመልከቻ በጠረጴዛው ላይ አገኘ፤ መረመረው፤ መልስ ሰጠበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አደጋው ከመጣ በኋላ ፈቃድ እንስጥ ቢባል ኖሮ ማን በመርከብ አድርሶ ማን ይተክለው ነበር?

የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በአገራችን የመላኪያ መሣሪያ የሚለው ስም ጥርጣሬ ያስነሣል። ጥንቃቄውን አልነቅፍም። የራዲዮ ሞገድ የአገር ሀብት ነው፤ ያለ ፈቃድ ማንም ሊልክበት አይገባም፤ እኔም እስከ ዛሬ በቤቴ የማደርገው ማዳመጥ ብቻ ነው። ነገር ግን የአማተርን ሕግ አይቶ መፍረድ ይገባል። በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ መሠረት አማተር ሲናገር የጥሪ ምልክቱን መናገር አለበት፤ በምልክቱም አገሩና ማንነቱ ይታወቃል። ትርጉሙን ለመሰወር ብሎ በምሥጢር ፊደል ከሌላ አገር አማተር ጋር መላላክ ክልክል ነው። ንግግሩም ስለ ሙያውና ስለ ግል ጉዳይ ብቻ የተወሰነ ነው። የሚናገረውን ደግሞ መቀበያ ያለው ሰው ሁሉ በማንኛውም አገር ሆኖ ይሰማዋል። ምሥጢር ያለው ሰው ስሙንና አድራሻውን እየተናገረ በገበያ መካከል አይጮኽም።

አንድ ጓደኛዬ ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ስለ መሣሪያ ፈቃድ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። አንደኛው ክፍል ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መራው። ሦስተኛው ክፍል ያሉት ሰዎች ትሑታን ነበሩ፤ ወንበርም ሰጥተውታል፤ ነገር ግን «ይህ ዓይነት ጉዳይ መጥቶብን አያውቅም» ብለው ፋይሉን አስቀመጡት። በየወሩ እየሄደ ሲጠይቅ አንድ ዓመት አለፈ። እምቢ ያለው ሰው የለም፤ እሺ ያለውም የለም። በመጨረሻ መጠየቁን ተወ፤ ከመጠየቁም ጋር ሙያውን ተወ። ጓደኛዬን ያሳዘነው መከልከል አልነበረም። እምቢታም መልስ ነው፤ ሰው ምክንያቱን ሰምቶ የጎደለውን ያሟላል ወይም ቁርጡን አውቆ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። መልስ ያጣ ማመልከቻ ግን ሰውዬውን ሳይከለክለው ያደክመዋል።

የዚህ ጉዳት በአንድ ሰው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ወጣቶች በተማሪነታቸው ሙያውን ይቀስማሉ፤ ተመርቀው ሲወጡ ግን በየክፍለ ሀገሩና በየመሥሪያ ቤቱ ይበተናሉ፤ የሚቀመጡበት ጣቢያ የለም። አገር ያስተማረችውን ሰው ሳትጠቀምበት ትቀራለች። ቴምብር የምትሰበስቡ አንባብያን ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። አማተሮች ከተነጋገሩ በኋላ የመነጋገራቸውን ማረጋገጫ ካርድ ይለዋወጣሉ፤ ጣቢያ የበዛበት አገር ካርድ እንደ ተራ ቴምብር ነው፤ ጣቢያ ያነሰበት አገር ካርድ ግን እየተፈለገ የማይገኝ ነው። «ኢ ቲ» የሚል ጥሪ በአየር ላይ ሲሰማ ከጃፓን፣ ከኢጣልያ፣ ከአሜሪካ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተጋፉ የሚመልሱት ስለዚህ ነው። እኔ በተማሪነቴ ማይክሮፎኑን ይዤ አንድ ጊዜ ስጠራ የመለሰልኝ የድምፅ ብዛት አንዱን ከሌላው ለመለየት አስቸግሮኝ ነበር። የአገር ስም በእንዲህ ያለ ናፍቆት ሲጠራ መስማት ያኮራል፤ ነገር ግን የሚፈለገው ለማነሳችን መሆኑን ሳስብ ኩራቱ ይቀንስብኛል። ተፈላጊነታችን በጥቂትነታችን ሳይሆን በሥራችን ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

መጀመሪያ፣ ሙያውን ቀምሳችሁ የተዋችሁ ሁሉ ተመለሱ። ለማዳመጥ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የኔዘርላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ እንዳደረገው ሁሉ፣ መቀበያቸውን ማንም ሰው በኢንተርኔት እንዲያዳምጥበት የከፈቱ አሉ፤ መቀበያ ያልገዛ ሰው ጆሮውን በዚያ ሊያሟሽ ይችላል። መቀበያ ላለው ደግሞ አንቴናው ሽቦ ነው። ለ14 ሜጋኸርዝ ሞገድ በድምሩ አሥር ሜትር ያህል ሽቦ ከመካከሉ ተከፍሎ፣ አምስት ሜትሩ ወደ ቀኝ፣ አምስት ሜትሩ ወደ ግራ ቢዘረጋ በቂ ነው። ሽቦው ከመብራት ኃይል መሥመር የራቀ ይሁን፤ በክረምት መብረቅ ሲያሠጋ ከመሣሪያው ይነቀል። ከሥራ መልስ ያለውን ሁለት ሰዓት በወሬና በስልክ መስኮት ላይ ከማሳለፍ ይህ የተሻለ ዕረፍት እንደሆነ ሞክሬ አይቼዋለሁ። ሐሜት የለበትም፤ ወጪው ያነሰ ነው፤ አእምሮን ያነቃል።

ሁለተኛ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማዳመጫ ክበብ ያቋቁሙ። ለመስማት አንድ መቀበያና አንድ ጥቅል ሽቦ ይበቃል። ተማሪ 300ን በሜጋኸርዙ ቁጥር ሲያካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እንደሚያገኝ በሰሌዳ ላይ ብነግረው ለፈተና ይይዘዋል፤ ሽቦውን ራሱ ለክቶ ቆርጦ ድምፅ ሲሰማበት ግን የራሱ ዕውቀት ይሆናል። የሩቅ አገር ከተማ ስም ሲሰማ ደግሞ ካርታ ይገልጣል። እኔ በማስተምርበት ክፍል ስድስት ተማሪዎች ይህን ጀምረዋል፤ ከስድስቱ አራቱ ሴቶች ልጆች ናቸው።

ሦስተኛ፣ የፈቃድ ጉዳይ በእጃቸው ያለ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ለአማተር ማመልከቻ በቀን የተወሰነ መልስ ይስጡ። ምን ዓይነት ፈተና፣ ምን ዓይነት ሰነድ፣ ምን ያህል ኃይል ያለው መሣሪያ እንደሚፈቀድ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መፍቀድ ቢቻል ይፈቀድ፤ መከልከል ቢያስፈልግ ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገር። «መጥቶብን አያውቅም» የሚለው ቃል ግን የፋይል መዝጊያ መሆኑ ይቅር። አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነውና።

እኔ ማመልከቻዬን በዚህ ወር ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ተማሪዎቼም ምን መልስ እንደሚመጣ ይጠይቁኛል። የመጣውን መልስ፣ እሺታም ቢሆን እምቢታ፣ በክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ። አዋቂዎች አንድን ጥያቄ እንዴት መርምረው እንደሚወስኑ ማየት ለነሱ ሌላ ትምህርት ነው።



ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
አዲስ አበባ